የሸዋ ሰው ቀጠሮውን ማወቅ ይፈልጋል

አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ያስነገሩት የክተት አዋጅ ግማሽ ገጽ እንኳን አይሞላም። ብዙ ሰው ግን ዛሬም በቃሉ ይለዋል። ለምን ይመስላችኋል?

ጠላት ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ከተናገሩ በኋላ ንጉሡ ሰሚውን ፊት ለፊት ያናግሩታል፦ «ያገሬ ሰው ካሁን ቀደም የበደልሁህ አይመስለኝም፤ አንተም እስካሁን አላስቀየምኸኝም።» እያንዳንዱ ሰሚ እሱን ለይተው የጠሩት ይመስለዋል። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ የሌለው በሐዘኑ እንዲረዳቸው ይጠይቃሉ። አሮጊቷም፣ በሽተኛውም የሚያዋጡት አላቸው። ከዚያ ቀጠሮው ይመጣል። ዘመቻዬ በጥቅምት ነው፤ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ። ቀኑ ታወቀ፣ ቦታው ታወቀ። ንጉሡ ራሳቸው እንደሚዘምቱም ታወቀ። እኔ ትልቁን ጉልበት የማየው እዚህ ላይ ነው።

አዋጁ ማስፈራሪያም አለው። ወስልቶ የሚቀረውን እንደማይተዉት ማርያምን ብለው ምለዋል። እሱን ዛሬ መልሱልን አልልም። በፍርሃት የተነሳ ሰው ልቡን ቤቱ ትቶ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ዘመናችን ስብሰባ እንምጣ። መሐል ሜዳም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ መድረክ ላይ የሚወጣው አመራር ምን እንደሚል አስቀድመን እናውቃለን። «አቅጣጫ ተቀምጧል።» «በትኩረት ይሠራል።» «ርብርብ እየተደረገ ነው።» ማን ነው የሚሠራው? እስከ መቼ? ገበሬው እጁን አውጥቶ ማዳበሪያው መቼ ይደርሳል ብሎ ሲጠይቅ «ጥያቄህ ተገቢ ነው» ይባልና ይቀመጣል። ይህ ያናድደኛል። ሰውየው እርሻውን ጥሎ የመጣው መልስ ፈልጎ ነው።

የመሪ ቃል የተቆጣን ሰው ማብረድም ይችላል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ወገኑ ያለቀበትን ሕዝብ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አሳስበዋል። ከባድ ጥያቄ ነው። የቀለለው ሕዝቡን ለበቀል ማነሳሳት ነበር። ስንት ቤት ሐዘን የተቀመጠበት የዛሬው ሰሜን ሸዋ እንዲህ የሚናገር ሰው በጣም ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ላለች ተፈናቃይ እናት «ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ነው» ማለት ምን ይጠቅማታል? መጀመሪያ ሐዘኗን የሚያውቅላት ትሻለች። ከዚያ እህሉ መቼ እንደሚመጣ፣ ልጇ የት እንደሚማር ይነገራት።

አመራሮች ቀን ቆርጠን ብንናገርና ባይሳካ ሕዝቡ ይታዘበናል ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። መኪናም ይዘገያል፣ መንገድም ይዘጋል። እንግዲያው መዘግየቱንም በጊዜ ይንገሩን፣ ከነምክንያቱ። ማዳበሪያው እንደማይደርስለት በግንቦት የሰማ የደጋ ገበሬ ለስንዴ ያሰበውን ማሳ ባቄላ ሊዘራበት ይችላል። በሐምሌ አጋማሽ ቢሰማው ግን ምንም አያደርግለትም።