ለክቶ የማይመዘግብ መሣሪያ ለምን ይጨበጨብለታል?

ድሬዳዋ ውስጥ የተማሪዎች ፕሮጀክት በሚታይበት ቀን ጠረጴዛው ሁሉ አርዱይኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ ሴንሰር (መለኪያ) እና ትንንሽ ስክሪን ነው። «ሙቀት 34» ይላል። ይጨበጨባል። ትናንት ከሰዓት ስንት እንደነበር የሚጠይቅ ግን የለም። ቢጠየቅም መልስ አይገኝም፤ ቁጥሩ ታይቶ ጠፍቷል።

በእኔ እምነት ማርክ መሰጠት ያለበት ልኩ ለተመዘገበበት ፋይል ነው።

ሥራው ያን ያህል ከባድ አይደለም። አርዱይኖ በዩኤስቢ ገመድ ወደ ኮምፒውተር ጽሑፍ ይልካል። በተለመደው 9600 (ቢት በሰከንድ) ፍጥነት በሰከንድ እስከ 960 ፊደል ይደርሳል። በየደቂቃው አንድ የሙቀት ልክ ለመላክ ይህ ይተርፋል። ችግሩ አብዛኛው ተማሪ ሲሪያል ሞኒተርን፣ ማለትም ከአርዱይኖ የሚመጣውን ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ የሚያሳየውን መስኮት፣ ብቻ ማወቁ ነው። እሱ ደግሞ ያሳያል እንጂ ፋይል ላይ አያስቀምጥም። ኮፒ እያደረጉ ኖትፓድ ላይ መለጠፍ ለአምስት ደቂቃ ያስኬዳል። ለሳምንት ማን ቁጭ ይላል?

ፑቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የመጣለትን ሁሉ ጽሑፍ ፋይል ላይ ያሰፍራል። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሚችል ደግሞ በፓይሲሪያል ላይብረሪ (ከገመዱ ለማንበብ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ) 10 መስመር ያህል ኮድ ይበቃል። መጀመሪያ ግን ሲሪያል ሞኒተሩን ዝጉት፤ አንድ ፖርት (አርዱይኖው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበት በር) ሁለት ፕሮግራም በአንድ ጊዜ አያስተናግድም። (ይቺ ነገር ስንቱን ሌሊቱን ሙሉ አስቀምጣዋለች!)

እኔ ፓይተኑን የምመርጠው በሰዓት ምክንያት ነው። የተለመደው አርዱይኖ ኡኖ (R3) ቀንና ሰዓት አያውቅም። የሚያውቀው ከተነሳ ስንት ሚሊሰከንድ እንዳለፈ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ሲደርስ ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ይጻፍበት። እዚህ ላይ የእኛ አገር ጣጣ ይመጣል። ኮምፒውተሩ 14:30 ሲል እኛ 8:30 እንላለን። የትኛውን እንደተጠቀማችሁ የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉ። አለበለዚያ ሌላ ሰው ፋይሉን ሲያነብ የድሬ ሙቀት የሚበረታው ጠዋት ነው ብሎ ይደመድማል።

የመብራት መጥፋት ጣጣም አለ። ፕሮግራሙ መስመሮቹን ሜሞሪ ላይ አጠራቅሞ ሳለ መብራት ከሄደ የመጨረሻዎቹ አብረው ይሄዳሉ። በየመስመሩ ፋይሉን ከፍቶ፣ ጽፎ መዝጋት ጉዳቱን ይቀንሳል።

«ኤስዲ ካርድ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለ፤ ኮምፒውተር በሌለበት ሜዳ እሱ ይሻላል። ላብ ውስጥ ግን ኮምፒውተሩ አጠገባችን ተቀምጦ ለሌላ ሞጁል ገንዘብ ማውጣት አይታየኝም።

ይህን ያህል የምሟገተው ለምን መሰላችሁ? በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። የውሃ ከፍታ ለክቶ የሚጮህ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ለዚህ ከተማ ተማሪ ጥሩ ፕሮጀክት ነው። ጥያቄው ግን ስንት ሲደርስ ይጩህ ነው። ዝቅ ካለ ለትንሹ ዝናብ ሁሉ እየጮኸ ሰው ይሰለቸዋል። ከፍ ካለ ይዘገያል። ይህን ለመወሰን የክረምቶች መዝገብ ያስፈልጋል። ያን ደግሞ አንድ ተመራቂ ብቻውን አይጨርሰውም። የዘንድሮው ለመጪው ማስረከብ አለበት፤ የጽሑፍ ፋይል ደግሞ በየትኛውም ኮምፒውተር ይከፈታል።

መምህራን ከሪፖርቱ ጋር ቢያንስ የሰባት ቀን ጥሬ ፋይል ይጠይቁ። ተማሪዎችም ፋይሉ መሃል ክፍተት ካለ በግምት ቁጥር አይሙሉት። መብራት የጠፋበት ሰዓት ከሆነ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር ብለው ይጻፉበት።