የዴቢያን ክርክር አራት ኪሎም ይደርሳል

አዲስ አበባ ውስጥ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተርን የሚያሠራ ሲስተም) ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ኡቡንቱን ነው። ኡቡንቱ ግን የተሠራው በዴቢያን ላይ ነው። ዴቢያንን በነሐሴ 1985 ዓ.ም. የጀመረው ኢያን መርዶክ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ዛሬ አንድ ሺህ የሚጠጉ ዴቨሎፐሮች በየአገሩ ሆነው ይሠሩታል። ባለቤት የሆነ ኩባንያ የለውም። በየዓመቱ የሚመርጡት መሪ አላቸው፤ ግን ማንንም "ይህን ሥራ" ብሎ ማዘዝ አይችልም። ስለዚህ ይከራከራሉ። አንዳንዱ ክርክር ለወራት፣ አንዳንዱ ለዓመታት ይሄዳል።

"የፈረንጅ ጭቅጭቅ ነው፣ እኛን ምን አገባን?" የሚል ሰው አይጠፋም። በደንብ ያገባናል። እዚያ የሚወሰነው ነገር እዚህ አራት ኪሎ አንድ ተማሪ የገዛው ያገለገለ ላፕቶፕ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ይወስናል።

ዋነኛው ምሳሌ የፈርምዌር ክርክር ነው። ፈርምዌር ማለት እንደ ዋይፋይ ካርድ ያሉ ዕቃዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የሚጫንላቸው ትንሽ ፕሮግራም ነው። አብዛኛውን የሚሰጠው ካርዱን ያመረተው ኩባንያ ነው፤ ሶርስ ኮዱን (ሰው የሚያነበውን የፕሮግራሙን ጽሑፍ) ግን አያሳይም። ዴቢያን ደግሞ በ1989 ዓ.ም. ባጸደቀው ማኅበራዊ ውል "ሲስተማችን ሙሉ በሙሉ ነፃ ሶፍትዌር ይሆናል" ብሎ ቃል ገብቷል፤ ነፃ ማለት ኮዱን ማንም ሊያየውና ሊቀይረው የሚችል ማለት ነው። ስለዚህ ለዓመታት ዋናው ኢንስቶለር (ሲስተሙን ኮምፒውተሩ ላይ የሚጭነው ፕሮግራም) እነዚህን ፋይሎች ሳይይዝ ነበር የሚወጣው።

ይህ እዚህ ከተማ ላይ ምን ማለት እንደነበር አስቡት። ልጁ ላፕቶፕ ገዛ፤ ቀጭን ስለሆነ የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ የለውም። ዴቢያንን ከፍላሽ አስነሳ። መሃል ላይ ኢንስቶለሩ ቆሞ "የዋይፋይ ካርድህ ይህን ፋይል ይፈልጋል፣ በፍላሽ አምጣ" አለው። ፋይሉ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። ኢንተርኔት የሚያገኘው ከስልኩ ሆትስፖት ነው። ሆትስፖቱን ለመያዝ ዋይፋይ ያስፈልገዋል፣ ዋይፋዩ ደግሞ ያንን ፋይል ካላገኘ አይሠራም። ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ዳታውን ማጋራት ይችል ነበር፤ ግን ይህን ማን ይንገረው? ፋይሉን የሚያወርድበት ሁለተኛ ኮምፒውተርም የለውም። ወደ ሱቁ ይመለስና ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ያስጭናል። ነፃ ሶፍትዌርን ለመጠበቅ የወጣው ሕግ ልጁን ከነፃ ሶፍትዌር አባረረው።

ፈርምዌር የያዘ ሌላ ኢንስቶለር ነበር፤ ያዘጋጁትም የዴቢያን ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ግን "ኦፊሴላዊ ያልሆነ" የሚል ስም ተለጥፎበት ጀማሪ በቀላሉ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ ነበር።

በመስከረም 2015 ዓ.ም. ጉዳዩ ለድምፅ ቀረበ። ማኅበራዊ ውሉን መቀየር ቀላል አይደለም፤ ከተቃዋሚው ሦስት እጥፍ የሚሆን ድጋፍ ይጠይቃል። ቢሆንም አለፈ። ኢንስቶለሩ አንድ ብቻ እንዲሆን፣ ፈርምዌሩንም እንዲይዝ፣ ምን እንደተጫነ ለተጠቃሚው እንዲነግር፣ የማይፈልግ ሰውም በተቻለ መጠን ሲያስነሳ እንዲያጠፋው ተወሰነ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 12 በዚህ መልክ መጣ።

እኔ ይህ ውሳኔ ትክክል ነው ባይ ነኝ። የተቃዋሚዎቹን ነጥብ ግን አልንቅም። ዝግ ፋይል እያቀፍን ከሄድን አምራቾቹ ኮዳቸውን የሚከፍቱበት ምክንያት አይኖርም ይላሉ። እውነት አለው። ነገር ግን አንድ ነገር ዘለው ያልፋሉ፦ ያው ዝግ ፕሮግራም ካርዱ ላይ ባለ ሜሞሪ ውስጥ ከፋብሪካ ተጽፎ ከመጣ ማንም አይቃወምም፣ ዴቢያንም እንደ ንጹሕ ዕቃ ይቆጥረዋል። ፋይል ሆኖ ከዲስክ ሲጫን ብቻ ነው ኃጢአት የሚሆነው። ለተጠቃሚው በሁለቱ መካከል የነፃነት ልዩነት የለም፤ ፋይል ሆኖ የመጣውን እንዲያውም ማየት፣ መቀየርና ማጥፋት ይቀላል። ደግሞም ያው ማኅበራዊ ውል "ቅድሚያ የምንሰጠው ለተጠቃሚዎቻችንና ለነፃ ሶፍትዌር ነው" ይላል። ሁለቱ በተጋጩ ጊዜ ለዓመታት የተሸነፈው ተጠቃሚው ነበር፤ በተለይ ቤቱ የኢንተርኔት መስመር የሌለውና በስልክ ፓኬጅ የሚኖር ተጠቃሚ።

ሁሉም ክርክር ግን እንዲህ እኛን አይነካም። የሲስተምዲ ጉዳይ አለ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሌሎቹን ሁሉ የሚያስነሳው ፕሮግራም የትኛው ይሁን የሚለው። በየካቲት 2006 ዓ.ም. የቴክኒክ ኮሚቴው ስምንት አባላት አራት ለአራት ተከፈሉና በሰብሳቢው ድምፅ ሲስተምዲ አሸነፈ። የተከፉት ዴቩዋን የሚባል የራሳቸውን ሲስተም መሠረቱ። ብዙ ሰው ያቆሰለ ክርክር ነው፤ ላፕቶፑን ከፍቶ ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው ግን ያመጣው ልዩነት ትንሽ ነው።

የባለ 32 ቢት ኮምፒውተሮች፣ ማለትም ከዛሬዎቹ ባለ 64 ቢት በፊት የነበሩት፣ ጉዳይ ግን ይነካናል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 13 ለድሮዎቹ ባለ 32 ቢት የኢንቴል ማሽኖች ኢንስቶለርም ከርነልም (የሲስተሙ እምብርት) የለውም። ኢንቴል አተም ኤን270 ያላቸው እነዚያ ሚኒ ላፕቶፖች ከዴቢያን 12 አልፈው አይሄዱም ማለት ነው። ማሽኖቹ እዚህ ከተማ አሁንም ሰው ቤት ይገኛሉ። ያሳዝናል፣ ግን ዴቢያኖችን ልወቅስ አልችልም። አንድ ሲስተም በሕይወት የሚቆየው በዚያ ማሽን ላይ የሚሞክረው፣ ሲበላሽ የሚያስተካክለው ሰው ሲኖር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት ነበር። ከእኛ ደግሞ "እነዚህ ማሽኖች እኛ ጋ በሥራ ላይ ናቸው፣ እኛ እንሞክርላችኋለን" ብሎ የቀረበ ድምፅ አልሰማሁም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ክርክር አለ። የድሮ ባለ 32 ቢት ሲስተሞች ጊዜን የሚቆጥሩት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ ባሉት ሰከንዶች ነው። ቁጥሩ መያዣው ሞልቶ የሚያልቀው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። የጥምቀት ዕለት፣ ሕዝቡ ጃንሜዳ እያለ። ያልተስተካከለ ማሽን በዚያች ሰከንድ ቀኑን ወደ 1894 ዓ.ም.፣ ወደ አጤ ምኒልክ ዘመን ይመልሰዋል። ዴቢያን 13 ላይ ባለ 32 ቢት የአርም ማሽኖችን (ፕሮሰሰራቸው ከኢንቴል የተለየ) ወደ ሰፊው፣ ባለ 64 ቢት አቆጣጠር አሻገሯቸው። ለኢንቴል የቀሩትን፣ አሁን በባለ 64 ቢት ማሽን ላይ የቆዩ ፕሮግራሞችን ለማስኬድ የሚያገለግሉትን ባለ 32 ቢት ፓኬጆች ግን ተዉአቸው፤ ቢነኳቸው የቆዩ፣ ሶርስ ኮድ የሌላቸው ፕሮግራሞች መሥራት ያቆማሉ። እንደ እኔ ይህም ተገቢ ነው። እነዚያን ፓኬጆች የሚጭን ሰው የሚፈልገው እነዚያኑ የቆዩ ፕሮግራሞች ነው።

እነዚህን ክርክሮች ስከታተል አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየኛል፤ በመጨረሻ ነገሩ የሚሆነው ሥራውን ይዞ የመጣው ሰው እንዳለው ነው። ለዚህ ማስረጃ ከራሳችን ፊደል አለ። የሊኑክስ ጥቁሩ የጽሑፍ ስክሪን በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ የፊደል ቅርፅ መያዝ አይችልም። የግዕዝ ፊደል መጀመሪያ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር የተመዘገቡበት ስታንዳርድ) ውስጥ ሲገባ 345 ቅርፅ ነበረው፤ ከላቲኑ ጋር ተጠጋግቶ ይገባል። ዴቢያን ውስጥም ለዚሁ ስክሪን የተሰናዳ ጎሃ የሚባል የግዕዝ ፎንት አለ። የሆነ ሰው ተቀምጦ ሠርቶታል። ኢንስቶለሩ ራሱ በአማርኛ ይነሳል፤ ያንንም የተረጎመው ሰው ነው፣ ሰማይ አላወረደውም።

ድምፅ የሚሰጡት አባላቱ ብቻ ናቸው፣ ይህ እውነት ነው። ግን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ኮድ የማይጽፉ ሰዎችም፣ ተርጓሚና ሰነድ አዘጋጅ ጭምር፣ ሙሉ አባል ሆነው ድምፅ መስጠት ይችላሉ። ይህ ለኛ ትልቅ በር ነው። በየዓመቱ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎቻችን የመመረቂያ ፕሮጀክት ብለው ያንኑ የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሲስተም ይሠራሉ። መምህራኑ ለአንዱ ቡድን የዴቢያንን የአማርኛ ትርጉም አጥርቶ ማደስ ቢሰጡት ምን ይከለክላቸዋል? ሥራው ይመዘናል፣ ውጤቱም ከተማሪዎቹ ምርቃት በኋላ ሰው እጅ ይገባል።

እስከዚያው ፍላሽ ያለው ሰው ዛሬ መጀመር ይችላል። ኢንስቶለሩን አማርኛ አድርጋችሁ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አስነሱት። የተጣመመ ትርጉም፣ የማይታይ ፊደል፣ የማይሠራ ዋይፋይ ሲገጥማችሁ ፎቶ አንሱና የማሽኑን ሞዴል ጨምራችሁ ለዴቢያን የስህተት መዝገብ ላኩት። አባልነት አይጠይቅም፣ አካውንት መክፈትም አያስፈልግም፤ ኢሜይል ይበቃል።