ፓሪስ ላይ 20 በመቶ ቲፕ ግዴታ አይደለም

«ፓሪስ ሬስቶራንት ከገባችሁ ሂሳቡ ላይ 20 በመቶ ቲፕ ጨምሩ፤ አለበለዚያ አስተናጋጁ ባዶ እጁን ይገባል» የሚለው ምክር ስህተት ነው። ከአሜሪካ ለሽርሽር የሚሄዱ ወገኖቻችን አምነውት ገንዘባቸውን ስለሚበትኑ ቢታረም ደስ ይለኛል።

ልማዱ የአሜሪካ ነው። እዚያ የፌዴራሉ ሕግ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ ቀጣሪው በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ስለዚህ ቲፑ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ መስጠትም ተገቢ ነው። ፈረንሳይ ግን አስተናጋጁ ቢያንስ የአገሪቱን ዝቅተኛ ደመወዝ ያገኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1987 ጀምሮ ደግሞ ሜኑ ላይ የሚጻፈው ዋጋ የአገልግሎት ክፍያውን አካቶ መያዝ አለበት። «ሰርቪስ ኮምፕሪ» (አገልግሎት ተካቷል) የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ከፍላችሁ ጨርሳችኋል ማለት ነው። መስተንግዶው ካስደሰታችሁ አንድ ሁለት ዩሮ ጠረጴዛው ላይ ትታችሁ ውጡ። ባትተዉም ነውር የለውም። ቱሪስት በሚበዛበት ሰፈር የካርድ ማሽኑ ቲፕ ቢጠይቃችሁ ሳትሳቀቁ እለፉት።

ውሃም እንዲሁ ነው። ምግብ ላዘዘ ሰው የቧንቧ ውሃ በነፃ ይቀርባል፤ «ካራፍ ዶ» ብላችሁ ጠይቁ። ዝም ብላችሁ ውሃ ካላችሁ የታሸገው ሊመጣና ሊያስከፍላችሁ ይችላል። ዳቦውም ከምግቡ ጋር የሚመጣ ነው፣ ለብቻው አይከፈልበትም።

ጣሊያን ከተሻገራችሁ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ ብዙ ምግብ ቤቶች «ኮፔርቶ» የሚባል የመቀመጫ ክፍያ በነፍስ ወከፍ ይጨምራሉ። ሜኑው ላይ ስለሚጻፍ ከማዘዛችሁ በፊት እዩት።