ሳሺሃራ ሪኖን ያነገሣት ማን ነው? ድምፅ ሰጪው ወይስ ሲዲ ሻጩ?

የክርክሩ ርዕስ፦ «ኤኬቢ 48 በየዓመቱ ያካሂደው የነበረው የአድናቂዎች ምርጫ ሳሺሃራ ሪኖን የራሷ ዕድል ባለቤት አድርጓታል።»

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ያህል፦ ኤኬቢ 48 አኪሞቶ ያሱሺ በዲሴምበር 2005 ያቋቋመው የጃፓን የሴቶች ቡድን ነው። ቶኪዮ ውስጥ አኪሃባራ በሚባለው ሰፈር፣ የዶን ኪሆቴ መደብር ሕንፃ 8ኛ ፎቅ ላይ፣ 250 ያህል ተመልካች የሚይዝ የራሱ ቲያትር አለው። ሳሺሃራ (የቤተሰብ ስሟ ነው፤ ጃፓኖች እሱን ያስቀድማሉ) በ1992 ኦይታ ውስጥ ተወለደች፣ በ2007 በ5ኛው ዙር ምልመላ ገባች፣ በ2019 ተሰናበተች። በመሐሉ ምርጫውን፣ ማለትም የሚቀጥለውን ነጠላ ዜማ የሚዘፍኑት አባላት በአድናቂዎች ድምፅ የሚለዩበትን ውድድር፣ አራት ጊዜ በአንደኝነት አሸንፋለች። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ርዕሱን የምትደግፍ አንዲት ጸሐፊ፣ የሚቃወም አንድ ጸሐፊ ቀርበዋል።

ደጋፊ፦

ከደረጃዋ ልጀምር። ምርጫው በ2009 ሲጀመር ሳሺሃራ 27ኛ ወጣች። በ2010 19ኛ፣ በ2011 9ኛ፣ በ2012 ደግሞ በ67,339 ድምፅ 4ኛ። በዚያ ዘመን ኩባንያው የቡድኑ ፊት አድርጎ ያቆማት ማኤዳ አፁኮን ነበር፤ መድረክ ላይ መሐሉን የምትይዘው እሷ ናት። ሳሺሃራ በዘፈንም በዳንስም ከጓደኞቿ አትልቅም፤ ይህን አድናቂዎቿም አይክዱም። የታወቀችው በፈሪነቷ ነው። ለአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት በላስቲክ ገመድ ታስራ ከከፍታ እንድትዘል ተወሰደች፤ አልዘልም ብላ ቀረች። ሌላዋ ብትሆን አንገቷን ትደፋ ነበር። እሷ ግን እንጀራዋ አደረገችው፤ ከ2011 ጀምሮ በፉጂ ቴሌቪዥን የቀትር መዝናኛ ላይ ቋሚ ወንበር አገኘች።

አሁን ወደ ዋናው። የ2012 ምርጫ ጁን 6 ተካሄደ። ሳምንት እንዳለፈው ሹካን ቡንሹን የተባለው መጽሔት ከአንድ የቀድሞ አድናቂዋ ጋር የፍቅር ግንኙነት ነበራት ብሎ አወጣ። አይዶል (እንደነዚህ በአድናቂዎቿ ፍቅር የምትኖር ወጣት ዘፋኝ) ፍቅረኛ አይኑራት የሚለው ሕግ፣ የተጻፈም ይሁን ያልተጻፈ፣ ሁሉም የሚያውቀው ነው። በቀናት ውስጥ አኪሞቶ በሬዲዮ ቀርቦ ፉኩኦካ ወዳለው ኤችኬቲ 48 መዛወሯን አስታወቀ። ኤችኬቲ 48 ከተቋቋመ ዓመት ያልሞላው፣ ልጆቹም ገና ታዳጊዎች የሆኑበት እህት ቡድን ነው። ከዋና ከተማው ከ4ኛ ደረጃ ተነሥቶ እዚያ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር።

በዓመቱ፣ ጁን 8 ቀን 2013፣ ዮኮሃማ በሚገኘው የኒሳን ስታዲየም ውጤቱ ተነበበ። ሳሺሃራ 150,570፤ ኦሺማ ዩኮ 136,503። ኦሺማ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አንደኛ የሆነች ተዋናይት ናት። ስታዲየሙ ውስጥ የደነገጠው ብዙ ነበር፤ ሳሺሃራ ራሷ ቡድኑን አላፈርስም ብላ ማረጋጋት አስፈልጓታል። ኩባንያው የቀጣትን ማን መለሳት? በዚያ ዓመት ደግሞ ዕጩነት በራስ ማመልከቻ ሆኖ ስለነበር ልወዳደር ብላ ስሟን ያስገባችው ራሷ ናት።

ተቃዋሚ፦

እኅቴ ቁጥሮቹን በትክክል አስቀምጠዋል። አንድ ድምፅ ከምን እንደሚሠራ ግን አልነገሩንም።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በሜይ መጨረሻ ግድም አንድ ነጠላ ዜማ በሲዲ ይወጣል። ማሸጊያው ውስጥ የድምፅ መስጫ ካርድ አለ፤ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ኮድ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ማስገባት፣ የሚመርጧትን ልጅ ስም መንካት፣ አለቀ። አንድ ኮድ አንድ ድምፅ። አንድ ሰው ግን አንድ ድምፅ አይደለም፤ ሺህ ሲዲ የገዛ ሺህ ድምፅ አለው። ርካሹ፣ የቲያትሩ ዕትም የሚባለው፣ 1,000 የን ያህል ነበር። የአድናቂዎች ክበብ አባላትም በአባልነታቸው ድምፅ ያገኛሉ፤ ክምሩ የሚመጣው ግን ከሲዲው ነው። ያ የ2013 ሲዲ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ደረጃው የተከፋፈለበትን ብልጠት ደግሞ ይመልከቱ። ከ1 እስከ 16 የወጡት የሚቀጥለውን ነጠላ ዜማ ይዘፍናሉ። ከ17 እስከ 32 ያሉት እዚያው ሲዲ ላይ ሌላ ዘፈን ይሰጣቸዋል፣ ከ33 እስከ 48 ሌላ፣ እንዲህ እየተባለ በየ16ቱ አንድ ገደል ተቆፍሯል። የመጀመሪያው ቀን ቆጠራ ደግሞ ወዲያው ይፋ ይደረጋል። ለግልጽነት እንዳይመስልዎት። የሚወዳት ልጅ 18ኛ ላይ መሆኗን ያየ ሰው በቀሩት ቀናት ምን እንደሚያደርግ ሻጩ ጠንቅቆ ያውቃል። ገደሉ አጠገብ ያለችው ልጅ ናት ገበያውን የምታሞቀው፤ አንደኛዋ ለጋዜጣ ናት።

በ2017 የፉኩኦካ ፖሊስ አንድ ሰው ተራራ ላይ 585 የኤኬቢ ሲዲዎች ጥሏል ብሎ ከሰሰ። ካርዱን አውጥቶ ተጠቀመበት፤ ዜማው ቆሻሻ ሆነበት። ስለዚህ በ2016 ሳሺሃራ ያገኘችው 243,011 ድምፅ የስንት ሰው ድምፅ ነው? ካርዱ ያንን አይመዘግብም። ሁሉም ከርካሹ ሲዲ የመጣ ቢሆን 243 ሚሊዮን የን ነው፤ እሷ ከዚያ በድምፅ ልክ የሚከፈላት ነገር የለም።

ደጋፊ፦

ወንድሜ፣ ፓርላማ ነው ያለ የለም። በ2011 ይኸው ወቀሳ ሲነሣ ኦሺማ መድረክ ላይ ቆማ፣ ለእኛ የድምፁ ብዛት የእናንተ ፍቅር ነው ብላ መልሳለች። «ፍቅር» ማለቷን እኔም አልወስደውም፤ የግዢ ፉክክር ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ለሁሉም እኩል ክፍት ነበር። የኦሺማ አድናቂዎች ድሆች አልነበሩም፣ የሌላዋ የቡድኑ ኮከብ የዋታናቤ ማዩም እንዲሁ። በ2014 ዋታናቤ በ159,854 ድምፅ ሳሺሃራን አሸንፋለች። ሻጩ ውጤቱን የሚወስነው ቢሆን፣ ፍቅረኛ ነበራት የተባለችውን ትቶ አንድም ስም ያልጠፋባትን ዋታናቤን በ2013ቱም ላይ ባነገሠ ነበር፤ ለማስታወቂያ የምትመቸው እሷ ናት።

ሌላውን የመምረጫ መንገድም አይተነዋል። ከ2010 ጀምሮ ቡድኑ በድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ ጨዋታ ውድድር ነጠላ ዜማ የሚዘፍኑትን የሚለይበት ዓመታዊ ዝግጅት ነበረው። ዕጣ ነው። ከእሱ ውጪ ያለው የአዘጋጁ ምርጫ ነው። አድናቂው እጁን የሚያስገባበት ቀዳዳ ምርጫው ብቻ ነበር።

ደግሞም ውጤቱ ከሲዲ ገዢ አልፎ ሄዷል። አሸናፊዋ መሐል ላይ የቆመችበት የኦገስት 2013 ነጠላ ዜማ አገር ምድሩ የጨፈረበት ነው። እርምጃው ቀላል፣ ወገብና እጅ ብቻ የሚጠይቅ ስለሆነ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን አሰልፈው ቀረጹ፤ የካናጋዋ ክፍለ ሀገር አስተዳደር እንኳ ከነአስተዳዳሪው ጨፍሮ ቪዲዮ አወጣ። እነዚህ ሰዎች ካርድ አልገዙም። የኤችኬቲ 48 ቲያትር ሥራ አስኪያጅ መሆኗንም አይርሱ፤ በ20 ዓመቷ፣ መድረኩ ላይ እየዘፈነች።

ተቃዋሚ፦

ሥራ አስኪያጅ የሆነችው በኤፕሪል 2013 ነው። ምርጫው ጁን። ድምፅ ሳይሰጥ፣ ኩባንያው ራሱ በፉኩኦካ ወንበር አዘጋጅቶላታል። «የቀጣትን ማን መለሳት» ላሉት መልሱ እዚህ አለ፤ የቀጣት መላሿም ነው። ዓመቱን ሙሉ የተባረረችው ልጅ ታሪክ በቴሌቪዥን ሲነገር ከርሞ ሜይ ላይ ሲዲ ወጣ። የአገር ጭፈራ የሆነውን ዜማ የመረጠውም አኪሞቶ ነው፤ ድምፅ ሰጪው ምን ዓይነት ዘፈን ይሁን ተብሎ አልተጠየቀም።

ሌላው ቀርቶ ቅጣቱን እንመልከት። በጃንዋሪ 2013 ያው መጽሔት ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዷ የሆነችውን ሚኔጊሺ ሚናሚን ከወንድ ቤት ስትወጣ አንሥቶ አወጣት። እሷ ፀጉሯን ተላጭታ፣ እያለቀሰች ይቅርታ የጠየቀችበት ቪዲዮ በቡድኑ ኦፊሴላዊ ገጽ ተለቀቀ፤ ደረጃዋም ወደ ሠልጣኝነት ወረደ። መላጨቱ የራሷ ውሳኔ ነው ብላለች። ይሁን፤ ቪዲዮውን ያወጣው ግን ድርጅቱ ነው። አንዷ ተዛውራ በዓመቱ ነገሠች፣ አንዷ ራሷን ላጨች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቴሌቪዥን ሥራ ነው። ሳሺሃራ ውርደትን ወደ ቀልድ የምትለውጥበት የቀትር ወንበር ነበራት።

እኅቴ አድናቂው እጁን የሚያስገባበት ቀዳዳ አሉ። እጁን እስከ የት እንደሚያስገባ ልንገርዎት። ከሲዲው ጋር የመጨባበጫ ትኬትም ይሸጥ ነበር። ገዢው በኢንተርኔት የልጅቷን ስምና የሰዓቱን ክፍል መርጦ ያመለክታል፤ ዕጣ ከደረሰው ማኩሃሪ ሜሴን በመሰለ አዳራሽ ይሰለፋል። ለአንድ ትኬት የሚሰጠው ጥቂት ሰከንድ ነው። ከልጅቷ ጎን የቆመ ሠራተኛ ሰዓት ይዞ ትከሻውን ነካ አድርጎ ይገፋዋል። ብዙ ትኬት በአንድ ላይ ያስረከበ ብዙ ሰከንድ ያገኛል። የማን ክፍል ቶሎ እንዳለቀ ደግሞ ለሁሉም ይታያልና፣ ይህም ራሱ ሌላ ምርጫ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚካሄድ። በሜይ 25 ቀን 2014 ኢዋቴ ውስጥ ታኪዛዋ ላይ አንድ ሰው መጋዝ ይዞ ገብቶ ሁለት አባላትንና አንድ ሠራተኛ አቆሰለ። መጨባበጡ ለጊዜው ቆመ፤ ከዚያ በብረት መፈተሻና በሻንጣ ፍተሻ ተመለሰ። ምርጫው ግን በሁለት ሳምንቱ በቀጠሮው ተካሄደ።

ደጋፊ፦

ይህ ሁሉ በመጨባበጡና በፍቅር ክልከላው ላይ የሚቀርብ ክስ ነው፤ ክሱንም እፈርምበታለሁ። ክልከላውን ፍርድ ቤት እንኳ በአንድ ቃል አልያዘውም። የቶኪዮ አውራጃ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2015 የሌላ ቡድን አይዶል የነበረች ልጅ ውሉን ጥሳለች ብሎ 650,000 የን ያህል አስከፈላት፤ በጃንዋሪ 2016 ያው ፍርድ ቤት በሌላ መዝገብ፣ መፋቀር ደስታን የመሻት መብት ነውና ካሳ አይጠየቅበትም አለ።

ታዲያ ዳኞች የተለያዩበትን ነገር በተግባር የሻረው ማነው? ስለ መጽሔቱ ወሬ አስቀድሞ እያወቀ የመረጣት ሰው ነው። አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ነው እል ነበር። በ2015 194,049፣ በ2016 243,011፣ በ2017 246,376። በሦስት ተከታታይ ዓመታት፣ በየጊዜው እየጨመረ። ፍቅረኛ ነበራት መባሉ ከገበያ ያላወጣት የመጀመሪያዋ ታላቅ አይዶል ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ተቃዋሚ፦

2017ን ካነሡ ኦኪናዋን ያንሡ። ዝናብ የውጪውን ዝግጅት አሰርዞ ውጤቱ ያለ ተመልካች አዳራሽ ውስጥ ተነበበ። ከኦሳካው እህት ቡድን ሱቶ ሪሪካ 20ኛ ወጥታ ማይክራፎኑን ያዘችና ላገባ ነው አለች። ቁጣው ወዲያው ገነፈለ፤ ካርድ የገዙላት ሰዎች ገንዘባችን አሉ። እኅቴ፣ ድምፅ ክልከላውን ሽሮ ቢሆን ኖሮ ከሳሺሃራ ድል አራት ዓመት በኋላ አንዲት የ20 ዓመት ልጅ ላገባ ነው በማለቷ ማን ይቆጣ ነበር? ምሕረቱ ለአንዲት ሰው የተሰጠ ነው፤ ለቀሩት አልተላለፈም። ሻጩ የሸጠው ካርድ ገዢው የልጅቷ ሕይወት ላይ ድርሻ ያለው እንዲመስለው ያደርጋል፤ ሳሺሃራም ያመለጠችው ድርሻውን ሳቅ እያደረገች ስለከፈለችው ነው።

ከዚያ በኋላ የሠራችውን ደግሞ እንይ። በ2017 ገና አባል ሳለች ኢኩል ላቭ የተባለውን ቡድን አቋቋመች፤ የዘፈኖቹን ግጥም ራሷ ትጽፋለች። በ2019 ኖት ኢኩል ሚ፣ በ2022 ኒርሊ ኢኩል ጆይ ተከተሉ። ከሲዲው ጋር ከአባላቱ ጋር የመነጋገሪያ ዕድል መሸጡን ወርሳለች። ምርጫውን ግን አላስገባችውም። አራት ጊዜ ያነገሣትን ነገር ለቡድኖቿ ልጆች አልሰጠችም። ኤኬቢም ቢሆን የመጨረሻውን በ2018 አካሂዶ ተወው።

ደጋፊ፦

ያልሰጠቻቸው ስለማያስፈልጋቸው ነው። ኢኩል ላቭ ሲጀመር 12 ልጆች ነበሩ፤ ነጠላ ዜማ ሲወጣ ሁሉም ይዘፍናሉ፣ ጥያቄው መሐል ላይ ማን ይቁም የሚለው ብቻ ነው። በኤኬቢና በእህት ቡድኖቹ በመጨረሻዎቹ ምርጫዎች ከ300 በላይ ዕጩዎች ለ16 ቦታ ይሰለፉ ነበር። እዚያ አንድ ሰው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ስም ይጻፍ ካሉኝ፣ ከኦይታ የመጣችው ፈሪ ልጅ ስም ዝርዝሩ ላይ የሚገባበትን ምክንያት ወንድሜ ይንገሩኝ።