ብልቃጡ ባጃጅ ላይ፣ ሕመምተኛው አልጋ ላይ

ሴፕሲስ የሚባለው ሰውነት ኢንፌክሽንን ሲዋጋ ሥርዓቱ ተዛብቶ የራሱን ኩላሊት፣ ሳንባና ልብ መጉዳት ሲጀምር ነው። ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በ2017 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም 48.9 ሚሊዮን ሰዎች እንደታመሙበት፣ 11 ሚሊዮን ያህሉም ከዚሁ ጋር በተያያዘ እንደሞቱ ገምቷል። ማን ለሞት እንደቀረበ ከደሙ አስቀድሞ ማወቅ ቢቻል ማን ይጠላል? ፕሮካልሲቶኒን፣ ሲአርፒ፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ላክቴት የሚባሉት በደም ውስጥ የሚገኙ ንጥረ ነገሮች የሚለኩት ለዚሁ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ውጤቱ ሲመጣ ደሴ ላይ ምን ይለወጣል የሚለው ነው።

ሕዋሳት ኦክስጅን ሲያጥራቸው ደም ውስጥ የሚበዛውን ላክቴትን እንውሰድ፤ ከሁሉም የማምነው እሱን ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው መስፈርት መሠረት፣ በቂ ፈሳሽ ተሰጥቶትም የደም ግፊቱ ያለ መድኃኒት የማይቆም፣ ላክቴቱም በሊትር ከ2 ሚሊሞል የበለጠ ሕመምተኛ ሴፕቲክ ሾክ ውስጥ ነው ይባላል። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ሆስፒታል ውስጥ የሚሞቱት ከ40 በመቶ ይበልጣሉ።

ችግሩ ናሙናው ቶሎ መበላሸቱ ነው። ደሙ ከተቀዳ በኋላም ሕዋሳቱ ስኳሩን እየተጠቀሙ ላክቴት ማምረታቸውን አይተዉም። ይህን የሚገታ ኬሚካል ያለበት ግራጫ ክዳን ያለው ብልቃጥ ወይም በረዶ ከሌለ ቁጥሩ እየጨመረ ይሄዳል። እኛ ጋ ደግሞ ‹‹እዚህ አይሠራም፣ ውጪ አሠሩ›› ይባላል። አስታማሚው ብልቃጡን በመዳፉ ጨብጦ ባጃጅ ይይዛል። ፒያሳ መንገዱ ተጨናንቋል፣ የግል ላብራቶሪው ወረፋ አለው፣ ሒሳቡ ከኪስ ነው። ተመልሶ የሚመጣው ቁጥር ስለ ሕመምተኛው ይናገር ወይስ ስለ ባጃጁ ጉዞ፣ ማን ይለያል?

በተለይ በባክቴሪያ ኢንፌክሽን ጊዜ የሚጨምረው ፕሮካልሲቶኒንም የራሱ ጣጣ አለው። ከሐርቡና ከባቲ ቆላ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ የሚመጣ ታማሚ ወባ ሊኖርበት ይችላል፤ ከባድ ወባ ደግሞ ያለ ባክቴሪያም ፕሮካልሲቶኒንን ከፍ ያደርጋል።

ስጋቱን ማወቅ ሕክምናውን ማወቅም አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የሉሳካ፣ ዛምቢያ ጥናት ሴፕሲስ ይዟቸው ግፊታቸው የወረደ 209 አዋቂዎችን አነጻጽሯል፤ አብዛኞቹ ኤችአይቪ ነበረባቸው። አስቀድሞ በተወሰነ የሕክምና መመሪያ (ፕሮቶኮል) ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው 48.1 በመቶ፣ እንደወትሮው ከታከሙት 33 በመቶ ሞቱ። አስደንጋጭ ቁጥር ያየ ተረኛ ሐኪም ደግሞ መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደ ፈሳሹ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ካለ፣ ቀድሞ ያለው ይሥራ እላለሁ። የደም ሕዋሳት ቆጠራ፣ የኩላሊቱ ክሪያቲኒንና የጉበቱ ቢሊሩቢን ምርመራ ሌሊትም እሑድም ይሠሩ፣ ይደገሙ፣ አስጊ ውጤት በስልክ ለዋርዱ ይነገር። ከዚያ አልጋው አጠገብ የሚለካ ላክቴት ይግባ፣ ወጪውንም የጤና መድኑ ይሸፍን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሆስፒታሏ የተዘረፈባት ደሴ ማሽን መተካት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ለማሽን ሪባን ይቆረጣል፤ ማሽኑ ለሚመረምርበት ኬሚካል፣ ለሪኤጀንት፣ ግን ማንም ሪባን ሲቆርጥ አላየሁም።

ጣትም አለ። ጥፍሩ ጫፍ ላይ ተጭኖ ደሙ በስንት ሰከንድ እንደሚመለስ ማየት ማለቴ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ የደቡብ አሜሪካ ጥናት፣ ሴፕቲክ ሾክ ከያዛቸው 424 ሕመምተኞች በዚህ ዘዴ እየተመሩ ከታከሙት 34.9 በመቶ፣ በላክቴት ከተመሩት 43.4 በመቶ በ28 ቀን ውስጥ ሞተዋል። ልዩነቱ ይህ ይበልጣል ለማለት አይበቃም፤ ያለ ሪኤጀንት የሚሠራውን ለመናቅም ምክንያት አይሆንም።

የምፈራው አንድ ነገር ነው። ቁጥሩ የሚተነብየው የብዙዎችን ዕጣ እንጂ የአንዱን አልጋ አይደለም። ‹‹ከፍተኛ ስጋት›› የሚል ወረቀት ግን ቤተሰቡ እጅ ሲገባ ‹‹እንግዲህ ቤቱ ይሙት›› ወደሚል ውሳኔ በቀላሉ ይለወጣል። እንዲህ ያለ ምርመራ ደሴ ከገባ፣ የውጤት ወረቀቱ ከቁጥሩ ሥር የትኛው ባለሙያ በስንት ሰዓት ተመልሶ እንደሚያየው የሚሞላበት መስመር ይኑረው።