ሥልጠናው ደካማ አልነበረም

ስለ ሠራተኞች ሥልጠና ያነበብኩት ጽሑፍ ጸሐፊ ሠራተኛ የሠለጠነውን የማይተገብረው ሥልጠናው ጥራት ስለሚጎድለው ነው ብለዋል። በከፊል እስማማለሁ። በአንድ ፋብሪካ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ስሠራ ያየሁት ግን ሌላ ነው።

ስድስት ሆነን የካይዘን፣ ማለትም ሥራን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ፣ ሥልጠና ወሰድን። አሠልጣኙ ጎበዝ ነበር፤ የሥራ ቦታን ሥርዓት የማስያዣ አምስቱን «ማ»ዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅን በቃላችን ይዘን ወጣን። በማግስቱ መደርደሪያዎቹን በቀለም ለይታ፣ የተበላሸውን ከሚሠራው አበጥራ ያወጣችው ግን አንዲት ባልደረባችን ብቻ ነበረች። ከእኛ የበለጠ ገብቷት አይደለም። ሥራዋን ትወደው ነበር፤ መጋዘኑን «ቤቴ» ነበር የምትለው። እኔ በዚያው ወር የደረጃ ዕድገት ተከልክዬ አኩርፌ ስለነበር ማስታወሻ ደብተሬን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። (አበሉን ግን በደስታ ተቀብያለሁ፤ አልዋሽም።)

ባልድዊንና ፎርድ የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጽሑፍ ሥልጠና ወደ ሥራ መሸጋገሩን ከሦስት ነገሮች ጋር አያይዘውታል፦ ከሠልጣኙ ችሎታ፣ ጠባይና ተነሳሽነት፣ ከሥልጠናው አዘገጃጀት፣ ከሥራ አካባቢው። ጸሐፊው ያነሡት መካከለኛውን ብቻ ነው። ያኮረፈ ሰው እኮ ትምህርቱ አይጠፋውም፤ ለማን ብዬ ነው የሚለው።

የባልደረባችን ትጋትም ቢሆን አምስተኛው «ማ» ላይ አልደረሰም። አዲስ የመጣው ኃላፊ «ይህን የቀለም ጨዋታ ተዪና ዕቃ አውጪ» አላት። በአራት ወር ውስጥ መደርደሪያው እንደ ድሮው ተዝረከረከ፤ እሷም ሌላ ሥራ አግኝታ ለቀቀች። በዓመቱ ለዚያው ሥልጠና እንደገና ተጠራን።