ለድንበር ፉከራ፣ ለወረቀቱ ልዋጭ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። «ድንበራችን ተደፈረ» በተባለ ቁጥር ፌስቡክ ላይ የማይፎክር የለም። የጠረፉ ወንዝ ጓንግ በየት በኩል እንደሚፈስ የማያውቀው ሁሉ ጭምር። እስቲ ከሱዳን ጋር ስለምንወዛገብበት መሬት፣ ስለ አልፋሽጋ፣ የሚያወራ አንድ የቆየ መጽሔት ቤቱ ያለው እጁን ያውጣ!

እንግሊዛዊው ሻለቃ ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1903 የሱዳንን ወሰን ሲያሰምር ከእኛ ወገን አብሮት የቆመ አልነበረም ብለን እናማርራለን። ልክ ነን። ከዚያ ወዲህስ ብዕራችንን ማን ያዘው? ካርቱም ላይ እ.ኤ.አ. በ1918 «ሱዳን ኖትስ ኤንድ ሪከርድስ» የሚባል መጽሔት ተጀመረ። ብዙዎቹ ጸሐፊዎቹ የእንግሊዝ ሹማምንት ነበሩ። የቅኝ ገዢ ዓይን ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እኔም እላለሁ። ግን ወንዙን፣ ጎሳውን፣ ታሪኩን እየጠሩ ከተቡት፤ ተቀመጠም። ተመራማሪ ዛሬም ያገላብጠዋል። የእኛው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ጆርናሉን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። አርባ አምስት ዓመት ዘግይተን።

ከኤርትራ ጋር የተዋጋንበትን ባድመን ደግሞ አትርሱ። ኢትዮጵያ «ግብር ሰብስቤያለሁ፣ ትምህርት ቤት ከፍቻለሁ» ብላ ተከራክራለች። የድንበር ኮሚሽኑ በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ማስረጃውን በቂ አይደለም አለው። ቦታው በግልጽ አልተለየም፤ ስፋቱም የጊዜው ርዝመትም አይበቃም። ወረቀት ቢሞላን ኖሮ እናሸንፍ ነበር ብዬ አልምልም፤ እ.ኤ.አ. የ1902ቱ የድንበር ውል ቀላል አልነበረም። ግን ያ ትምህርት ቤት ስንት ተማሪ እንዳስፈተነ፣ ዳይሬክተሩ ማን እንደነበር በየዓመቱ የሚዘግብ አንድ የአካባቢ መጽሔት ቢኖረን ምን ነበረበት?

እኛ ግን አባት ሲሞት መጀመሪያ ከቤት የምናወጣው ወረቀቱን ነው። ለልዋጭ። የተረፈው ቆሎ ይጠቀለልበታል። ባህልና ቱሪዝም ቢሮዎችም ለበዓል ብለው አንድ ቁጥር ያሳትማሉ፤ ሽፋኑ ላይ የሹሙ ፎቶ፣ ውስጡ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት። ሁለተኛ ቁጥር የለም። ይሄ መጽሔት ነው?

ጠረፍ ላይ ያላችሁ መምህራን፣ የወረዳ ሠራተኞች፣ ስትጽፉ ቀበሌውንና ቀኑን አትዝለሉ። «በአንድ ወቅት በአንድ ስፍራ» የሚል ጽሑፍ ለማንም አይጠቅምም። ያሳተማችሁትን ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክር፣ አስገቡ፤ ሕጉም ያስገድዳችኋል። የአባታችሁን ካርቶን ደግሞ ልዋጩ ሳይመጣ ዛሬውኑ ክፈቱት።